የጋሼ ይሁኔ ሄሞግሎቢን

ሞለኪውል በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በልቻለሁ። ውኃን በልቻለሁ፤ ጠጥቼ አላልኩም፣ በልቼ ነው ያልኩት። ሚቴንን በአዋዜ በልቻለሁ። አሞኒያን ከነልጣጩ ውጫለሁ። በእኔ ዕድሜ እንጅባራ ውስጥ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ቢጠየቅ ይህን አይክድም፤ እንዲያውም ግሉኮሱ ጨው ያንሰው ነበር ብሎ ያማርርላችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን ጋሼ ይሁኔ ይባሉ ነበር። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበረው፤ ቁልፉ የት እንደገባ የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ በመስኮት አጮልቀን ስናይም ከተሰባበረ ወንበር በቀር የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ ጋሼ ይሁኔ ድንች ይዘው ይመጣሉ። ድንች በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ቀርከሃም እንደዚያው። ትልቁ ድንች ካርቦን ነው፣ ትንንሹ ሃይድሮጅን፣ በቀይ ሥር ውኃ የተነከረው ደግሞ ኦክስጅን። ቀርከሃውን ሰንጥቀው፣ ጫፍና ጫፉን አሹለው፣ ድንችን ከድንች ጋር ይሰካሉ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሞለኪውሉ ወደ ሻይ ቤቷ ይላካል፣ እዚያ ይቀቀላል፣ በእረፍት ሰዓት ተሻምተን እንበላዋለን። ያ ትምህርት ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ከሆዴም እንደዚያው።

አንድ ነገር ብቻ አልሆን ብሏቸው ኖሯል፤ ሄሞግሎቢን። በደማችን ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው ማለት ነው። አራት ሰንሰለቶች ተቃቅፈው የሚኖሩበት ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ሆድ ውስጥ አንዲት ብረት ተቀምጣለች። የባዮሎጂ መምህራን "ይኼ የእኛ ነው" እያሉ ቢያጉረመርሙም፣ ጋሼ ይሁኔ በየዓመቱ የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ ለእሱ ያስቀምጡ ነበር። አራት ትልልቅ ድንች፣ በየሆዳቸው አንዳንድ ቁራጭ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁሉም በቀርከሃ የተያያዘ። "አሁን አንዱን ስጎትተው ሌሎቹ አብረው ይመጣሉ" ይሉና ቀስ ብለው ይጎትታሉ። ቀርከሃው ቀጭ ይላል። ድንቹ እየተንከባለለ ዴስክ ሥር ይገባል። እኛ ደግሞ ሄሞግሎቢን ፍለጋ ወለሉ ላይ እንደፋለን። እሳቸው እጃቸው ላይ የቀረውን ድንች አየት አድርገው "ለከርሞ ይሁና" ይላሉ። ከርሞም ያው ነው። ከጋሼ ክፍል ካለፍነው ሁሉ አንዳችንም ሄሞግሎቢን ሳይፈርስ ሲንቀሳቀስ አላየንም። እሳቸውም አላዩም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከአገር አገር እዞራለሁ ስል፣ ዕጣዬ እዚያው ያደግሁበት ትምህርት ቤት ወረወረኝ። በመምህራን ማረፊያ ወንበሬ ከጋሼ ይሁኔ አጠገብ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ሲገቡ እንደ ተማሪ ብድግ እያልኩ መሳቂያ ሆኜ ነበር። ጋሼ በጥሊሊ መንገድ ካለው ቤታቸው በፈረስ ነበር የሚመጡት። ለፈረሱ በአዊኛ፣ ለእኛ በአማርኛ፣ ለኬሚስትሪ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ከሦስታችን የሚታዘዛቸው ግን ፈረሱ ብቻ ነው እያሉ ራሳቸው ይስቁ ነበር።

የጡረታቸው ዓመት መጣ። አንድ ጠዋት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አጠገቤ ተቀመጡና፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ልጄ፣ ኮምፒውተር ላይ ሞለኪውል ይሠራል ይባላል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው ከመውጣቴ በፊት ያን ሄሞግሎቢን ሳይፈርስ ሲሄድ አንዴ ባየው" አሉ። ከዚያ እንዳፈሩ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ምን ልበል? ያንን ፕሮግራም በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም። "ምን ችግር አለው ጋሼ" አልኩ። ይኼ "ምን ችግር አለው" የምንለው ነገር ስንት ሰው እንዳዋረደ ቢቆጠር ጥሩ ነበር።

ፕሮግራሙ ዳንግላ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋ ተገኘ። በኢንተርኔት እንዳትልክልኝ ኔትወርኩ የእኛን ሰፈር ሰዎች አይወድም። ስለዚህ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩና በፍላሽ ይዤው መጣሁ። ፍላሹ ውስጥ ከፕሮግራሙ ጋር የጓደኛዬ ሠርግ ቪዲዮ፣ የአክስቷ ልጅ ክርስትና ፎቶና ለቁጥር የሚያታክት ቫይረስ አብረው ተሳፍረው ኖሯል። የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ስከፍተው መጀመሪያ ሙሽሮቹ ወጡ፣ ቀጥሎ ላፕቶፑ ራሱን ሳተ።

ያዳነው ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ የኮምፒውተር መምህራችን ነው፤ የጫግኒ ልጅ። ከዚያ ሙቀት መጥቶ የእንጅባራ ብርድ ስለማይስማማው ጃኬት በጃኬት ደርቦ፣ ጓንት አጥልቆ ያስተምራል። ማውዝ የሚይዘውም በጓንት ነው። "እናንተ ሰዎች ፍሪጅ ውስጥ ከተማ ቆርቁራችሁ..." እያለ፣ እጁን በላፕቶፑ ትንፋሽ እያሞቀ ቫይረሱን አራገፈልኝ።

ሄሞግሎቢኑ ስክሪኑ ላይ ወጣ። እንዴት ያምራል! አራቱ ሰንሰለቶች በአራት ቀለም ተጠቅልለው፣ ብረቶቹ በየመሐላቸው ቀይ ፍም መስለው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ጠራሁ፣ ጋሼን ከፊት አስቀመጥኩ፣ ኮራ ብዬ አንዱን ጎተትኩ። አንዲት ብረት ብቻዋን ብድግ ብላ ወጥታ ስክሪኑ ጥግ ሄዳ ቆመች። የቀረው ሄሞግሎቢን ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሏል። የሒሳብ መምህሩ "ተለያይታ መሄዷ ነው?" አለ። ሳቁ እስከ ሻይ ቤቷ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ነው ከደሳለኝ ጋር የፕሮግራሙን ጠባይ መማር የጀመርነው። ለካ እሱ ውስጥ ሁሉም ነገር በየቡድኑ ይታሰራል፣ ቡድኖቹ ደግሞ ተዋረድ አላቸው። በስክሪኑ ግራ በኩል ማን ከማን በላይ እንደሆነ ተደርድሮ ይታያል። አንዱን ቡድን ከሌላው ሥር ካገናኘኸው፣ የላዩ ሲንቀሳቀስ የታቹ ይከተላል። የታቹ ሲንቀሳቀስ ግን የላዩ ዞር ብሎም አያይ። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይኼን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ብረቶቹን ከየሰንሰለታቸው ሥር አደረግን፤ ሰንሰለቱ ሲሄድ ብረቷም ተከተለች። ጎሽ። አሁን የቀረው አራቱን ሰንሰለቶች ማገናኘት ነው። ማን ማንን ይከተል? ደሳለኝ "አንዱን አለቃ አድርጊውና ተገላገይ" አለ። አደረግኩት። አለቃውን ስጎትት ሦስቱ ግር ብለው ተከተሉ። ጋሼን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው መጡ፣ ማውዙን ያዙ፣ እንደ እሳቸው ዕድል ሆኖ አለቃውን ትተው ሦስተኛውን ያዙና ጎተቱ። ብቻውን ወጣ። ጋሼ ማውዙን አስቀመጡ።

"ይኼማ የእኔው ድንች ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ክፍል ውስጥ በነበረው ድምፃቸው፦ "ልጄ፣ እነዚህ አራቱ አለቃ የላቸውም። አንዱ ኦክስጅን ሲይዝ ሌላውን ያነሣሣል፣ ያኛው ሌላውን። አንዱን ከሌላው በላይ ካስቀመጥሽ ያስተማርኩሽን ሁሉ አፈረስሽው።"

እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። በር ላይ "አንቺ ቅደሚ፣ ኧረ አንተ ቅደም" እየተባባልኩ ነው ያደግሁት። እንግዳ ሸኝቶ፣ እንግዳው መልሶ ባለቤቱን ሸኝቶ፣ እንደገና ተሸኛኝተው መንገድ ላይ ፀሐይ የሚገባባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። እና አእምሮዬ በራ። ለምን ሁሉም ሁሉንም አይከተልም? ሁለተኛው አንደኛውን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን፣ አራተኛው ሦስተኛውን፣ አንደኛው ተመልሶ አራተኛውን ይከተል። የበላይ የለ፣ የበታች የለ፣ መከባበር ብቻ።

ደሳለኝ ሲሰማ "አንቺ እኮ ሊቅ ነሽ" አለኝ። የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ሳገናኝ ፕሮግራሙ በትንሽ ሳጥን ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ። ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲጠይቀን እንዳናስቀይመው እሺ ማለት ልማዳችን አይደል? ሳናነብ እሺ አልነው። ሄሞግሎቢኑ ቁጭ ብሎ አየን። እንዳማረበት ነው። ልሞክረው እጄን ስዘረጋ ደሳለኝ በጓንቱ መታኝ። "ተይው፣ ለነገ እንዳይበላሽ አትንኪው" አለ። እውነት ነው፣ ያልተነካ ነገር አይበላሽም። ሳልነካው ዘጋሁት።

የሽኝቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ወላጁ፣ ድሮ ድንች ያሳደዱ የጋሼ ተማሪዎች ሳይቀሩ ከግምጃ ቤት ከተማና ከጫግኒ መጥተዋል። ርዕሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩ ሲጀመር ያልቃል ብለን ነበር። ጋሼ ይሁኔ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አዲስ ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ለፕሮጀክተሩ ከተሰቀለው ነጭ አንሶላ ላይ አልነቀሉም። ፕሮጀክተሩ ሄሞግሎቢኑን አንሶላው ላይ በሰው ቁመት አወጣው። አዳራሹ "ውይ" አለ። እኔ ማውዙን ለጋሼ ሰጠኋቸው። እሳቸውን የሚያክል ሄሞግሎቢን ፊት ቆመው፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደነበሩት "አሁን አንዱን ስጎትተው ሌሎቹ አብረው ይመጣሉ" አሉ። እኛ የድሮዎቹ ተማሪዎች ትንፋሻችንን ዋጥን።

ጎተቱ። አንዱ ሄደ። ሌላው ተከተለው። ሦስተኛው ተከተለ። አራተኛው ተከተለ። አዳራሹ ማጨብጨብ ጀመረ። አራተኛው ሲሄድ ታዲያ አንደኛው፣ ቀድሞ የሄደው፣ አራተኛውን ሊከተል ደግሞ ተነሣ። እሱ ሲነሣ ሁለተኛው ዝም ይላል? እሱም ተነሣ። "አንተ ቅደም" ተባባሉና ሄሞግሎቢኑ በዝግታ መሽከርከር ጀመረ፤ ከዚያ በፍጥነት፤ ከዚያ እየተሽከረከረ ወደ ቀኝ ሸመጠጠ። ከአንሶላው ጠርዝ ወጣ። በቃ፣ ሄደ። ነጭ አንሶላ ብቻ ቀረ። ላፕቶፑ ዳገት እንደሚወጣ የእህል መኪና ያጓራል። ደሳለኝ ብድግ ብሎ ከአንሶላው ኋላ ሄዶ ተመለከተ። በሞቴ አልዋሻችሁም፣ የኮምፒውተር መምህር ነው፣ ከኋላ ሄዶ አየ።

ተማሪዎቹ ትርኢቱ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በደስታ እገባላት ነበር። ግን እሱ አይደለም የከፋኝ። ጋሼ ይሁኔ ማውዙን እንደያዙ ነጩን አንሶላ አፍጥጠው እያዩ፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"አመለጠኝ መሰለኝ" አሉ። "ጠበቅ አድርጌ ጎትቼው ነው። ይቅርታ ልጄ፣ ለከርሞ..." ብለው አቆሙ። ከርሞ እንደሌለ ትዝ ብሏቸው ነው። ያን ሰዓት ቅስሜ ስብር አለ። የእኔ ጥፋት ነው ብላቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑኝም።

ምሳ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ላፕቶፑን ታቅፌ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። በጉ ታርዷል፣ ጠረጴዛው ተሰናድቷል፣ ከላይ በኩል ጋቢ የለበሰ የክብር ወንበር ተቀምጧል። ርዕሰ መምህሩ ጋሼን "ይቀመጡ እንጂ" አሏቸው። ጋሼ "ኧረ አይገባም፣ እንግዳው እያሉ" ብለው ከወረዳ የመጡትን ሰውዬ አሳዩ። ሰውዬው ደንግጠው "ኧረ ሞቼ ልገኝ፣ ሽማግሌው እያሉ?" ብለው የወላጅ ኮሚቴውን ሽማግሌ ክንድ ያዙ። ሽማግሌው ደግሞ "ባለቤቱ ቆሞማ እኔ አልቀመጥም" ብለው ርዕሰ መምህሩን ወደ ወንበሩ ገፉ። ርዕሰ መምህሩ "በማርያም፣ ጋሼ ይሁኔ ይቀመጡ" አሉ። እንደገና ከአንደኛው ተጀመረ። አራቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በወንበሩ ዙሪያ መሽከርከር ጀመሩ። የበጉ ወጥ በረደ። ደሳለኝ ከኋላዬ "ይቺን ነገር የት ነው ያየኋት?" አለ።

እኔም ቆሜ አያለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ያመለጠው ሄሞግሎቢን እዚህ መጥቶ ምሳ ሊበላ ነው።

በመጨረሻ ጋሼ ይሁኔ ደከማቸውና ሳቁ። "ወንበሩን ተዉት፣ ባዶውን ይሁን" አሉ። "እኛ ዙሪያውን እንቀመጥ።" አራቱም ዙሪያውን ተቀመጡ። የበላይ የለ፣ የበታች የለ። ወንበሩ ከላይ ጋቢውን እንደለበሰ ባዶውን ቁጭ አለ፣ ሰውም በሰላም መብላት ጀመረ።

እኔ ግን አልበላሁም። ደሳለኝን በጃኬቱ ያዝኩት፤ ሌላው እጁ ላይ ቅልጥም ነበር። "ባዶ ቡድን መሥራት ይቻላል?" አልኩት። "ምንም የሌለበት፣ እንዲያው ስሙ ብቻ ከላይ የሚቀመጥ?" ቅልጥሙን መጋጥ አቆመ። ላፕቶፑን የዳቦ ሳህን ገፍተን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ከፈትነው። የድሮውን ግንኙነት ሁሉ ፈታሁ። ባዶ ቡድን ፈጠርኩ። ከላይ አስቀመጥኩት። አራቱን ሰንሰለቶች፣ አንዱን ከሌላው ሳላስበልጥ፣ ከሱ ሥር ጎን ለጎን አገናኘሁ።

"ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይምጡ" አልኩ።

"ተይው ልጄ፣ በቃኝ" አሉ።

"ጋሼ።"

እጃቸውን ታጥበው መጡ። ይህኛውን ይያዙት ብዬ በግራ በኩል ከላይ ያለውን ባዶውን አሳየኋቸው። ምንም የለበትም እኮ አሉ። አዎ፣ ምንም የለበትም አልኳቸው። ያዙት። ወደ ቀኝ ወሰዱት፤ አራቱም ከነብረታቸው አብረው ሄዱ። ወደ ግራ መለሱት፤ አብረው ተመለሱ። አዞሩት። ሳይጣደፉ፣ አንዱ ሳይቀር፣ ተቃቅፈው ዞሩ። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ማኘክ ቆመ። ጋሼ ወዲያ ይወስዱታል፣ ወዲህ ይመልሱታል።

"አልፈረሰም" አሉ በመጨረሻ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠረጉ፤ መነጽሩ ግን አልቆሸሸም ነበር። ከዚያ መልሰው አጠለቁትና "ይኼ ግን ተቀቅሎ አይበላም" አሉ። ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን፣ እኔማ እየሳቅኩ አለቅስ ነበር።

ፋይሉን ላስቀምጥ ስል ፕሮግራሙ ለባዶው ቡድን ስም ስጪ አለኝ። ጋሼ ባዶ ነገር ምን ስም ያስፈልገዋል ብለው ተከራከሩ። እኔ "ጋሼ" ብዬ ጻፍኩበት። ፕሮግራሙ ፊደላችንን ስለማያውቅ ሁለት ባዶ ሳጥን አድርጎ መለሰልኝ፣ በፈረንጅ ፊደል ደግሜ ጻፍኩት። ጎንበስ ብለው አነበቡት። ፈረሳቸው ላይ ሲወጡ በአዊኛ ለፈረሱ ስለ እኔ አንድ ነገር ነገሩት፤ ሰምቻለሁ፣ አልነግራችሁም።

ጋሼ ይሁኔ ጡረታቸውን ብዙ አልበሉትም። ሲያርፉ ሰው ከየአገሩ መጣ፤ ድንች ያልበላ የለም ከመሐላችን። ያ ላፕቶፕም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ ደሳለኝም ወደ ሙቀቱ ተመልሶ ጫግኒ ገባ። ፋይሉ ግን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተሸጋገረ ከእኔ ጋር አለ። በየዓመቱ የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ ለእሱ አስቀምጣለሁ፤ የባዮሎጂ መምህራን አሁንም ያጉረመርማሉ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ያወጣውን ተዋረድ እያየች እጇን አወጣች። ከሁሉም በላይ ያለው ስም ውስጥ ምን አለ አለችኝ። ከፍቼ አሳየኋት። ምንም የለበትም።

"ታዲያ ለምን ከላይ ተቀመጠ?" አለች።

ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ። ስሙን ያዝኩና ቀስ ብዬ ጎተትኩት። ሁሉም አብረው መጡ።